ጸበል የነካው ማዘርቦርድ

ኮምፒውተሩ ገና እንደተሰካ ተቃጠለ። እናቷ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እንደ ልማዷ ቤቱን ሁሉ ጸበል ስትረጭ፣ ዜማ ራሷ ስትገጣጥመው ቆይታ ክዳኑን ሳትገጥም የተወችውን የኮምፒውተር ሣጥንም አልዘለለችውም።

"ጨዋታ ነው ስትይኝ ጊዜ ሰይጣን እንዳይገባበት ብዬ እኮ ነው" አለች እናቷ፣ ማዘርቦርዱን፣ ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ፣ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

"አሁንማ ምንም አይገባበትም።"

ዜማ ደክሟት ነበር። ጨዋታ የሚያስኬድ ደህና የጌም ካርድ ለመግዛት ስትል ሌላውን ሁሉ ያገለገለ መርጣ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያልጠየቀችው ሱቅ የለም። ገንዘቧ ስላለቀ አሁን ሌላ ማዘርቦርድ የምታገኘው ካርዱን ሰጥታ ከለወጠች ብቻ ነው። ያለ ካርዱ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከደብዳቤ መጻፊያ አያልፍም።

"እኔ ነኝ አይደል ያበላሸሁት?"

"አይደለሽም እማዬ። ሳላስተያይ ገዝቼ ነው፤ ዕቃዎቹ አልተስማሙም።"

ካርዱን ነቅላ በላስቲክ ጠቀለለችና ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።