ይመታል

ስንዱ ለትምህርት ቤቱ አድማጭ ማሽን «ልጄ ይመታል» ብላ አመለከተች። ማሽኑ ግን ጠብቆ የተነገረውን ሁሉ አላልቶ ይሰማል፤ ሕግ ተብዬውም ከሰው ይልቅ የሚያምነው ማሽኑን ነው። ስለዚህ ተመቺው ልጇ ናሆም መቺ ተብሎ ከትምህርት ቤት ተባረረ።

«እኔ አጥብቄ ነው የተናገርኩት» አለች ስንዱ፣ ልጇን ይዛ ርዕሰ መምህሩ ፊት ቆማ። «ይመታል። ሲጠብቅ ተመቺ ነው፣ ሲላላ መቺ።»

ወጣቱ ርዕሰ መምህር አፍ የፈታው በማሽን ድምፅ ነው። ግንባሩን ቋጥሮ አዳመጣት።

«እትዬ ስንዱ፣ ለእኔ ጆሮ ሁለቱም አንድ ናቸው። ቃልዎ ደግሞ ተመዝግቧል።»

«ጆሮህን አላልተውብህ ነዋ!»

የልጇን ሸሚዝ ከኋላ ገለጠችው። ጀርባው በሰንበር ተሸንትሯል።

«በል አንብብልኝ። ይኼ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»

ርዕሰ መምህሩ ማሽኑን አጠፋና ወደ ናሆም ጎንበስ አለ።

«ማነው የመታህ?»