ያልተጠረገ ዱካ

የዱካ ማንበቢያው መሣሪያ ከወጣ ወዲህ ሰው ሁሉ ከቤት ሲወጣ የረገጠበትን እየጠረገ መሄድ ለምዷል። ዱካ የሰውን ሕመምም ሐሳብም ያሳብቃልና፣ መጥረጊያ የሌለበት ደጃፍ የለም።

የአቶ ደምሰው ሥራ ግን ማንም ያልጠረገውን ዱካ ማንበብ ነበር። ጓሮ ባለችው ክፍላቸው ተዘግተው፣ አለት ላይ የቀረ የአንድ ጥንታዊ ተሳቢ እንስሳ ዱካ ሲያነቡ ዓመት አለፈ። መሬቱን በጥፍሩ ይቧጥጥ እንደነበር፣ ጭራውን ከፍ አድርጎ ይሄድ እንደነበር፣ የኋላ ግራ እግሩን ያመው እንደነበር ሳይቀር ደረሱበት። "ምስኪን!" ብለው አዝነውለታል።

በድንገት የሞተችው ሚስታቸው የጥሩነሽ አርባ በወጣ ማግስት፣ ከዚያችው ክፍል ደጃፍ ምንጣፉን ሲያነሱ ሲሚንቶው ላይ የእሷን እግር አዩ። አምና ገና ሳይደርቅ ረግጣው "ዓይን የለሽም?" ብለው የጮኹባት ነው። እርጥብ ሲሚንቶ አይጠረግም።

መሣሪያውን አስጠጉት። ያኔም ታማ ነበር። በሩ ድረስ መጥታ፣ ለማንኳኳት ወደ ፊት ዘንበል ብላ፣ ብዙ ቆይታ ተመልሳለች።

"ደጃፌ ላይ ቆማ ነበር እኮ" አሏት ለልጃቸው ለውብዓለም። "መታመሟን ልትነግረኝ መጥታ ነበር። ምነው ባንኳኳች?"

"ሥራ ላይ ነው፣ አትረብሹት ትለን ነበር፣ አባዬ።"

ውብዓለም ልትሄድ ተነሣች፤ እንደ ልማዷም መጥረጊያውን አነሣች።

"ዛሬስ ተዪው፣ የኔ ልጅ" አሉ። "እባክሽ አትጥረጊው።"

ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያም እስከ ውጭው በር ድረስ፣ አንዲት እርምጃ ሳታስቀር ጠርጋ ሄደች።