በቀይ እርሳስ የተከበቡ ጉድጓዶች

ወታደሩ ከመምህር ሀይደር ሻንጣ ፎቶውን ሲመዝ፣ ከሐርጌሳ ለመውጣት ኬላው ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ፎቶው ጉድጓድ በጉድጓድ የሆነ መሬት ነው፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ በቀይ እርሳስ ተከቦ ቁጥር ተጽፎበታል። ወታደሩ አፈሙዙን መምህሩ ደረት ላይ አሳረፈ።

«በአውሮፕላን የደበደብነውን ለአማፂዎቹ ትቆጥርላቸዋለህ፣ አንተ?»

«ኧረ በአላህ፣ ልጄ! መንኮራኩር ፎቶ ያነሳት የሩቅ ፕላኔት ጨረቃ ናት። ጉድጓዶቿን የምቆጥረው ዕድሜዋን ለማወቅ ነው።»

«ማን ይኖርባታል?»

«ማንም።»

«ታዲያ ማን ደበደባት?»

«ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ።»

ይሄኔ አንድ የጦር አውሮፕላን ከከተማው ማረፊያ ተነስቶ ያንኑ ከተማ ሊደበድብ በላያቸው አለፈ። ሁሉም አጎነበሰ፤ እናንተዬ፣ ወታደሩም አብሮ። ቀና ሲል ፎቶውን ራሱ አጥፎ ሸሚዛቸው ውስጥ ከተተላቸው።

«ደህና አድርገው ይደብቁት፣ አባቴ» አላቸው በሹክሹክታ። «የሚቀጥለው ኬላ ላይ ያሉት ‹ይቺ ሐርጌሳ ናት› ይሉዎታል።»