የጠፋችው መተንፈሻ

አንድ ለእናቱ የሆነው የእትዬ ውድነሽ ልጅ፣ ስመኘው፣ ዛሬ ትሁኔን የሚጠይቁለትን ሽማግሎች በመኪናው ሊያደርስ ነው። መኪናዋ ግን አርጅታ ዘይት ትተፋለች። እንዳታዋርደኝ ብሎ እደጅ ሞተሯን ከፈተና በጥላሸት ተደፍና ዘይት የምታስተፋትን የሞተር መተንፈሻ በቤንዚን አጥቦ ድንጋይ ላይ አሰጣት። እጁን ታጥቦ ቢመለስ፣ አውራ ጣት የማታክለው ብረት የለችም! ያለሷ ደግሞ መኪናዋን ማን ደፍሮ ይነዳታል?

«አንተ፣ ልጅቷ ሳታረጅ እንድረስ እንጂ!» አሉ አያ ጓንጉል፣ ከሽማግሎቹ አፈኛው።

ስመኘው ሳሩን ሲዳብስ ሲዳብስ እንባው መጣ። አብራው ስትፈልግ የቆየችው እናቱ፣ «ተወው የኔ ጌታ፣ እግዜር ባይፈቅደው ነው። እኔ አለሁልህ አይደል?» ብላ ጥብቅ አድርጋ አቀፈችው።

ይኼኔ መተንፈሻዋ ከእትዬ ውድነሽ ጡት መሃል ሾልካ እግሩ ላይ ዱብ አለች።