የአንድ ሰው መደበቂያ

ወንድሙ ኦቪድ አብረው በሚያድኑበት የሉዊዚያና ረግረግ ውስጥ ከሰጠመ ወዲህ፣ አልሲድ ለጀልባው የመረጠው የዳክዬ አደን መደበቂያ የአንድ ሰው ነው። የፊቱን መቀመጫ ነቀለ። ሸምበቆውን ዙሪያውን አስሮ፣ ለጠመንጃ የሚሆን ክፍተት የተወው ከኋላ በራሱ በኩል ብቻ ነበር።

«መደበቂያው ሆድህንስ ይችለዋል?» አለች ሚስቱ ኦዴት።

«አንቺው ያሳደግሽው ሆድ ነው። የኦቪድን ባዶ ቦታ እያየሁ መዋል ደክሞኛል፣ ኦዴት።»

ጎህ ሲቀድ ረግረጉ መሀል ቆመ። አንድ ሰው ብቻውን ኋላ ሲቀመጥ የጀልባው አፍንጫ ሽቅብ ይላል። ዛሬ ግን ሁለት ሆነው ይወጡ እንደነበረው ጊዜ፣ ጀልባው ውሃው ላይ ተስተካክሎ ተኛ። ከፊት ምንም ዕቃ አልጫነም። አልሲድ ተነፈሰና ጠመንጃውን አጉርሶ ጠበቀ።

ዳክዬዎቹ ሲመጡ፣ ከፊት በኩል ክፍተት ያልተወለት ሸምበቆ ቀስ ብሎ ከውስጥ ተከፈተ።