የተከሳሹ እናት

ሮሃ ከምትኖርበት ከተማ መሃል ካለው ፍርድ ቤት ስትወጣ እትዬ ህብረትን በሩ አጠገብ ቆመው ስታያቸው እርምጃዋን ገታች። ሊቢያ ውስጥ ስደተኞችን እያገተ ያሰቃይ የነበረው ልጃቸው ከቱርክ ለጣልያን ተላልፎ ተሰጥቶ ክሱ እዚያ እየተሰማ ነው። እሷም ከታገቱት አንዷ ነበረችና ከማለዳ ጀምሮ በቪዲዮ ስትመሰክርበት ቆይታለች። ምስክርነቷን እንድትተው እዚሁ ከተማ ያለው ቤተሰቡ ሽማግሌ ይልክብኛል ብላ ስትሰጋ ነበር የከረመችው። እናቱ ራሳቸው ይመጣሉ ብላ ግን አላሰበችም። እግሬ ላይ ቢወድቁስ ምን እላለሁ?

እትዬ ህብረት ቀረብ ብለው የኮቷን እጅጌ ያዙ።

«አየሽው፣ ልጄ?»

«አየሁት፣ እትዬ። በስክሪን ነው።»

«ከስቷል?»

ጠበቆቹ ያን ሁሉ ሲጠይቋት ይሄን አልጠየቋትም።

«እንጃ፣ እትዬ። ፊቱን ማየት አቃተኝ። አንገቴን ደፍቼ ነው የመሰከርኩት።»

አሮጊቷ እጅጌዋን አልለቀቁም።

«ነገም ትቀጥያለሽ?»

«አዎ» አለች ሮሃ።

«እንግዲያው ነገ አትፍሪው። ቀና ብለሽ፣ ዓይኑን እያየሽ ተናገሪ» አሉ እትዬ ህብረት። «ከስቶ እንደሆነም ትነግሪኛለሽ።»