ደፍ የሚሻገረው

አናጢው ከጃኬቱ ኪስ የክብሪት ሳጥን አወጣና ውስጡ የነበረውን ሰጋቱራ በሚያብለጨልጨው የሱቅ ወለል ላይ በተነው።

«አባባ! ምን እያደረጉ ነው?» አለች ሻጯ ደንግጣ።

«እየሞከርኩ ነዋ! የኛ ቤት ቆሻሻ ይሄ ነው። ከሱሪዬ እጥፋት እየረገፈ ሚስቴን ሠላሳ አራት ዓመት ያስቸገራት እሱ ነው። የዳቦ ፍርፋሪማ የትኛውም ማሽን ይለቅማል።»

ባለቤቱ ግድግዳው ሥር በተሰጣት ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። አብራው ስትኖር ሰው ፊት አሳፍሯት አያውቅም፤ ዛሬ ሊጀምር ነው። እሱ እቴ! ከሰጋቱራው አስከትሎ ከፌስታል ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጣውላ አወጣና መሬት ላይ አጋደመው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የመኝታ ቤታችን ደፍ። ማለቴ፣ ልኩ። ሦስት ሳንቲ ሜትር ከሁለት ሚሊ።»

እሷ መምጣቱንም አልፈለገችው። ከሦስት ሳምንት በፊት አልጋ ሥር ልትጠርግ ጎንበስ እንዳለች ወገቧ ቀጭ አለና እዚያው ቀረች። እሱ ለምሳ ሲመጣ ነው ወለሉ ላይ ያገኛት፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ማጎንበስ የለም» ሲላት እሺ ብላ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ግን ባሏ የረሳውን እርሳስ ሊወስድ ቢመለስ ሳሎኑን ስትጠርግ እጅ ከፍንጅ ያዛት። አልተቆጣትም። መጥረጊያውን ከእጇ ተቀብሎ ጨረሰላት፤ ያውም አቧራውን ወደ ራሱ እግር እየጠረገ። በማግስቱ ወለል ስለሚጠርግ ማሽን ማውራት ጀመረ።

«ቤቴን ለማሽን አስረክቤ እኔ ምን ልሆን ነው?» ብትለውም ማሽን ማሽን ማለቱን አልተወም።

ሻጯ መጀመሪያ ያስነሳችው ነጩን ሮቦት ነው፤ ስስ፣ ኮሽታ የሌለው፣ መልኩ የሚያምር። ሰጋቱራውን ጭልጥ አደረገው። አናጢው ወለሉን በጣቱ ዳበሰና ጣቱን ወደ መብራቱ አንስቶ አየ።

«አየሽ? አንዲት ፍሬ አልተወም።»

«አይቻለሁ» አለች ባለቤቱ። ጥጉ ላይ የተረፈችውንም አይታለች፤ ዓይኗ ሥራውን አልተወም።

ነጩ ጣውላው ጋ ሲደርስ በግንባሩ ገጨው። ወደ ኋላ አለ፤ ደግሞ ገጨው። ከዚያ እንደ ተቀየመ ሰው ፊቱን አዙሮ ሄደ።

«ይሄኛው ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ አይወጣም» አለች ሻጯ። «የዕቃዎቻችሁስ ከፍታ? ከሥራቸው ዐሥር ሳንቲ ሜትር ክፍት ከሌለ የትኛውም አይገባም።»

አናጢው ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «አልጋ፣ በግራ ዐሥራ አንድ ተኩል፤ በቀኝ ዐሥራ አንድ፣ ወለሉ እዚያ ጋ ትንሽ ይነሳል። ቁም ሳጥን፣ ከፊት ዐሥራ ሁለት፤ ከኋላ፣ ግድግዳው ጋ፣ ዐሥር ከስምንት ሚሊ። ሶፋ...»

ቀና ብላ አየችው። የቁም ሳጥኑ ኋላ የሚለካው በሆድ ተኝቶ፣ ክንድን እስከ ትከሻ አስገብቶ ነው። ያንን ቦታ በጨርቅ ስትደርስበት የኖረች እሷ ናት፤ ታውቀዋለች። ሰውየው ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ይንቋቋል። መቼ ለካው? ለወገቧ ሕክምና በወጣችባቸው ጠዋቶች መሆን አለበት። ስትመለስ ሸሚዝ ቀይሮ ታገኘው ነበር፤ አንድ ቀን እንዲያውም «ምነው ዘነጥክ?» ብላ ቀልዳበታለች።

«ነጩ ይሁን» አለ ወረቀቱን እያጠፈ። «ድምፅ የለውም፣ አይረብሻትም። ደፉን እኔ እልገዋለሁ።»

«የቱን ደፍ?» አለች ባለቤቱ።

«ሦስቱንም። የአንድ ቀን ሥራ ነው።»

እነዚያን ደፎች ሊያገባት ሲል በእጁ ነው የሠራቸው፣ ከአንድ ግንድ አውጥቶ። እንግዳ ቢመጣ መጀመሪያ እነሱን ሳያሳይ ወንበር አይስብለትም። አሁን ጥፍር እንደሚቆርጥ ሰው ቀላል አድርጎ ያወራዋል።

«ደፌን የሚነካ የለም!» አለች። ሻጯ ዞር አለች። «የኔ ልጅ፣ እስቲ ያንን ጥቁሩን አስነሺልኝ።»

«እሱ ይጮኻል፣ እማማ። ሞዴሉም ያምና ነው።»

«ይጩኻ! እሁድ እሁድ የዚህን ሰውዬ መጋዝ የሰማ ጆሮ ምን ይሆናል?»

ጥቁሩ እያጉረመረመ ተነሳ። ወፍራም ነው፣ ለዓይን አይሞላም። ጥግ ጥጉን ይዞ፣ ነጩ የተወውን ለቅሞ መጣ፤ ሴትየዋ ሳታውቀው ራሷን ነቀነቀች። ጣውላው ጋ ሲደርስ ቆመ። በር ላይ የነበረው ጥበቃ ሳይቀር ተጠጋ። ማሽኑ ከፊቱ ብድግ አለ፣ ተንገዳገደ፣ ጎማው አንዴ በባዶ ዞረ፤ ከዚያ ዱብ ብሎ ወዲያ ማዶ ወረደ።

«ወጣ!» አለ አናጢው። «አየሽው? ወጣ እኮ!»

እሷ የምታየው ማሽኑን አልነበረም። ሰው በሞላበት ሱቅ በእጁና በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጉንጩ ወለሉን ሊነካ ጥቂት የቀረውን ባሏን ነው።

«ይሄን እንወስዳለን» አለች።

ጥቁሩ ጉዞውን ቀጥሎ ወደ ወንበሯ መጣ። ዕድሜዋን ሙሉ ባሏንም ልጆቿንም «እግር አንሱ» እያለች የጠረገች ሴት፣ ምን እንደምታደርግ ግራ ገባት። ከዚያ ቀስ ብላ ሁለቱንም እግሮቿን አንድ ላይ ከወለሉ አነሳች። ማሽኑ ከሥሯ አልፎ ሄደ፤ እሷ እግሮቿን እንዳንጠለጠለች ቆየች።